የሰዓት ሠሪው ችግኞች

ሰዓት ሠሪው ሥራ የቀየረው ሃምሳ ስምንት ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር፣ ሁለት ሰው በማታስቀምጥ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተጎንብሶ ኖሯል። አንድ ዓይኑ ላይ አጉሊ መነጽር ሰክቶ፣ በጣቶቹ ወረንጦ ይዞ የቆሙ ሰዓቶችን ሆድ ዕቃ ሲጎረጉር ይውላል፤ ደረጃውን የሚወጡ የሚወርዱትን ጎረቤቶች ከመልካቸው ይልቅ በጫማቸው ነበር የሚለያቸው። በኋላ ስልክ መጣና ሰው ሁሉ ሰዓቱን ኪሱ ውስጥ ከተተ። እጁ ላይ ያሰረውም ቢሆን ሲቆምበት ይጥለዋል እንጂ አያሠራውም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ለሰዓት ሠሪው የቀረለት ሥራ ባትሪ መቀየር ብቻ ነበር።

"ባትሪ መቀየር ምን ሙያ አለው? ለሕፃን ጡጦ እንደ መስጠት ነው" እያለ ላገኘው ሁሉ ይነጫነጫል።

እንዲህ እየተነጫነጨ ሳለ አንዲት ሐኪም የሟች አባቷን የእጅ ሰዓት ይዛ መጣች። የሄደችበት ሁሉ "ይሄማ ለሙዚየም ነው" ብለው መልሰዋታል። እሱ ግን ፈታታው፤ ከፀጉር የቀጠነችውን ጠመዝማዛ ሽቦ በወረንጦ አነሣ፤ አቃናት፤ መልሶ አስቀመጣት። ሐኪሟ ሰዓቱን ትታ እጁን ታይ ጀመር።

"ጋሼ፣ እጅዎ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?" አለችው።

"እንዴት?"

"አይንቀጠቀጥም።"

"ቢንቀጠቀጥማ ጦሜን ነበር የማድረው" አላት።

ሐኪሟ ከመንገዱ ማዶ ባለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የፀጉር ክሊኒክ አላት። እንዲህ ያለ እጅ ስትፈልግ ዓመት አልፏታል። ሰዓቱ ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምር እሷም ሥራውን አቀረበችለት።

ባለቤቱ ይህን ስትሰማ የምትሰፋውን የተማሪ ዩኒፎርም መኪናው ላይ ትታ ከት ብላ ሳቀች። "ሰዓቱ ሲያልቅብህ መላጣ ልትጠግን? ደግሞ አንተው ራስህ ራሰ በራ ሆነህ ማን ያምንሃል?"

"እኔማ ሳልጠረጥር ተመነጠርኩ" አላት በራውን እየዳበሰ። "ሌላው እንዳይመነጠር ልጠብቅለት።"

ሥራው እንዲህ ነው። ፀጉሩ የሳሳበት ሰው በሆዱ ይተኛል፤ ከማጅራቱ ከፍ ብሎ ያለው የራሱ ጀርባ በመርፌ ይደነዝዛል። ሐኪሟ ከመርፌ ብዙም በማትወፍር ክብ ስለት የፀጉሩን ሥር አንድ በአንድ ታወጣለች። የወጣው ሁሉ ሰዓት ሠሪው ጠረጴዛ ላይ ይመጣል። እሱ በማይክሮስኮፕ እያየ አንድ ፀጉር ያለውን ለብቻ፣ ሁለትና ሦስት ያለውን ለብቻ ይለያል፤ ያስተካክልና ቀዝቃዛ የጨው ውሃ ያለበት ሳህን ላይ ይደረድራል። ክሊኒኩ ውስጥ ይህን ነገር "ችግኝ" ነው የሚሉት። ከሰዓት በኋላ ሰውየው ይገላበጥና ችግኞቹ በራው ላይ ይተከላሉ።

የመጀመሪያዋን ችግኝ ያየ ዕለት ሰዓት ሠሪው ዓይኑን ማመን አቃተው። እሱ ፀጉር ማለት ክር ነው ብሎ ነበር የኖረው። አሁን ያየው ግን ሙሉ ዕቃ ያለው ቤት ነው። ከታች እንደ ሽንኩርት ራስ ያበጠ ሥር አለ፤ ዙሪያውን ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ከቦታል፤ ጎኑ ላይ ወዝ የምታመነጭ ዕጢ ተለጥፋለች። ከዕጢዋ አጠገብ ደግሞ የሸረሪት ድር የምታህል ነገር ተዘርግታለች።

"እሷ ጡንቻ ናት" አለችው ሐኪሟ። "ብርድ ሲመታን ፀጉራችንን የምታቆመው።"

"ለዚህች ለአንዷ ብቻ የራሷ ጡንቻ?"

"የራሷ።"

"ጉድ እኮ ነው!" አለ ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ ላይ ሳያነሣ። ያን ቀን ይህቺን ቃል ስንት ጊዜ እንዳላት የቆጠረ የለም።

በመጀመሪያው ወር ግን አጠፋ፤ ጥፋቱም ሰዓት ሠሪ ብቻ የሚያጠፋው ዓይነት ነው። ሰዓት ውስጥ ያረጀ ቅባት ጠላት ነው፤ አቧራ ይሰበስባል፣ ጥርስ ከጥርስ ያጣብቃል። ስለዚህ እጁ የለመደውን አደረገና በችግኞቹ ዙሪያ ያለውን ነጭ ስብ ፍቆ ፍቆ አጸዳቸው። ሲደረደሩ ወርቅ ሠሪ የሠራቸው ይመስሉ ነበር። ሐኪሟ አንዷን በወረንጦ አንሥታ አየች።

"በጣም ያምራሉ ጋሼ፤ ግን ራቁታቸውን ናቸው።"

ለካስ ስቡ ልብሳቸውም ስንቃቸውም ነው። አዲሱ ቦታ ላይ ደም እስኪደርሳቸው የሚያቆያቸው እሱ ነው፤ ያለ እሱ ቶሎ ይደርቃሉ። አሥራ ሁለት ችግኞች ወደ ቆሻሻ ተጣሉ። ሰዓት ሠሪውም በሐዘን ምሳውን ሳይበላ ዋለ።

ሐኪሟ ማስረዳት ትወዳለች፤ እሱ ደግሞ መጠየቅ አይሰለቸውም። አንድ ቀን ለመሆኑ ፀጉር ለምን እንደሚረግፍ ጠየቃት።

"የማይረግፍበት ሰው የለም" አለችው። "አንዷ ፀጉር ሁለትም ሦስትም፣ አንዳንዴ ስድስት ዓመት ታድጋለች። ከዚያ ታቆማለች፣ ሦስት ወር ያህል ታርፋለች፣ ትወድቃለች። ሥሩ ግን አይሞትም፤ ሌላ ይጀምራል። ጎኗ ያለችው ደግሞ የራሷ ሰዓት አላት። ሁሉም አብረው ቢያርፉ ኖሮ በየጥቂት ዓመቱ ሁላችንም መላጣ እንሆን ነበር።"

ሰዓት ሠሪው ወረንጦውን አስቀመጠ። በአንድ ራስ ላይ መቶ ሺህ የሚሆን ፀጉር እንዳለ ነግራዋለች። መቶ ሺህ ሰዓት ማለት ነው፤ እያንዳንዱ በራሱ የሚሄድ፣ በራሱ የሚቆም፣ ማንም ሳይነካው በራሱ የሚነሣ። እሱ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ቆሞ በራሱ የተነሣ አንድም ሰዓት አላየም። ማነው የሚሞላቸው? ይህን ሲያስብ ፈራ፤ ፍርሃቱ ግን ደስ የሚል ነበር።

የወንዶችን መላጣነትም ነገረችው። የወንድ ሆርሞን ሰውነት ውስጥ ይለወጥና ግንባርና አናት ላይ ያለውን ሥር ያቀጭጨዋል። በየዙሩ የምትወጣው ፀጉር ካለፈችው እየቀጠነች፣ ዕድሜዋም እያጠረ ይሄድና በመጨረሻ እንደ ጫጩት ላባ ትሆናለች። ለዚህ የሚታዘዘው ክኒን ያንን ለውጥ ይገታል። ራስ ላይ የሚቀባ ጠብታም አለ፤ እሱ መጀመሪያ የደም ግፊት መድኃኒት ነበር፤ የሚውጡት ሕመምተኞች ባላሰቡት ቦታ ፀጉር ሲያበቅሉ ነው ሐኪሞች የነቁት። ጠብታው ሥሩ የሚያድግበትን ጊዜ ያስረዝማል፤ መቀባት ሲቆም ግን ጥቅሙም ይቆማል። እዚህ ክሊኒክ የሚመጡት ወንዶች ግን ክኒኑና ጠብታው ጋ ከመድረሳቸው በፊት ያላፈሰሱት እንቁላል፣ ያልተቀቡት ቅባት የለም። አንዱ ግዙፍ ነጋዴ "ሽንኩርት ተቀብቼ ተቀብቼ ሚስቴ ሰላጣ መስያት ልትበላኝ ነበር" ብሎ ክሊኒኩን በሳቅ ገድሎታል።

ሰዓት ሠሪውን ከሁሉ በላይ ያስደነቀው ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ሆርሞን የራስ ጀርባ ላይ ያለውን ሥር አይደፍረውም። ግንባር ላይ ቢተከልም አይደፍረውም። "የትም ቢወስዱት ከኋላ ያለ ይመስለዋል፤ የመጣበትን አይረሳም" አለችው ሐኪሟ። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ይባላል፤ ግን ይህ ከተረቱም ያልፋል። ዓይን የላት፣ አእምሮ የላት፣ የሩዝ ፍሬ እንኳ የማታህል ነገር ከየት እንደመጣች ታውቃለች። እሱ ይህን የሰማ ቀን ወደ ቤቱ የሄደው በእግሩ ይሁን በአየር አያውቅም።

በማግሥቱ ገና ካፖርቱን ሳያወልቅ ጠየቃት። "ዶክተር፣ ጠባሳ ላይስ ይበቅላል?"

ሐኪሟ ፊቱን አየችና ወንበር ሳበችለት። ማንም ያልጠየቀውን ነገር ያን ጠዋት ተናገረ።

ከሃያ ዓመት በፊት ነው። የቤታቸው ቡታጋዝ ምድጃ ያፈስ ነበር። እሱ ሰዓት የሚጠግን ሰው ምድጃ ሊያቅተው? ከአሮጌ የሰዓት ማሰሪያ ላይ ቆዳ ቀዶ ማሸጊያ ሠራ፤ ብሎኑን በጣቶቹ ጫፍ አጠበቀ። የሰዓት ብሎን እምቢ ሲል ይተዋል፤ ከዚያ በላይ ካጠበቁት ይቀነጠሳል። ምድጃ ግን ሰዓት አይደለም፤ የሚጠብቀው በመፍቻ፣ በክንድ ጉልበት ነው። በማግሥቱ ጠዋት ባለቤቱ ክብሪት ስትጭር እሳቱ በጎን ወጣ። ዓይኗ በተአምር ተረፈ። ቀኝ ቅንድቧ ግን ከነሥሩ ጠፋ፤ ከጆሮዋ በላይ ያለው ፀጉርም አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሻሿን ወደ ቀኝ ዝቅ አድርጋ ታስራለች። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን "አንተ ነህ" አላለችውም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

"ጠባሳ ላይ ጠብታም ክኒንም አይሠራም" አለችው ሐኪሟ ሰምታ ስትጨርስ። "መድኃኒት ያለውን ሥር ነው የሚቀሰቅሰው፤ የሌለን አይፈጥርም። ያለው መንገድ መትከል ነው። እሱም ቢሆን ጠባሳ ደም የሚያንስበት መሬት ነው፤ ሊጸድቅም ላይጸድቅም ይችላል። ቅንድቧ ላይ አርባ ተክለን እናያለን።"

"ካልጸደቀስ?"

"ካልጸደቀ ሌላ አልነካም ጋሼ።"

ቤት ሄዶ ለባለቤቱ ነገራት። እሷ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና "ለማን ነው? ለእኔ ነው ለአንተ?" አለችው። "በዚህ ዕድሜዬ ለማን ልታይ ብዬ ነው የምወጋው" ብላ ወደ ስፌቷ ዞረች፤ ነገሩም እዚያ ላይ ቀረ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰዓት ሠሪው የንባብ መነጽሩን ቤት ረስቶ ሄደ። ባለቤቱ ልታደርስለት መጣች። ሐኪሟ አግኝታት "እማማ፣ የባለቤትዎን ሥራ አይተው ያውቃሉ?" ብላ ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀመጠቻት። ባለቤቱ የመርፌ ሰው ናት፤ ደቃቅ ነገር ማየት ለምዳለች። ብዙ አየች።

"ይቺ አሁን በሕይወት አለች?" አለች በመጨረሻ።

"አለች። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለሰዓታት ትቆያለች።"

"ከቤቷ ተነቅላ፣ ቆስላ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተቀምጣ… ትጠብቃለች?"

"ትጠብቃለች።"

ባለቤቱ ቀና አለችና ወደ እሱ ዞረች። "እንግዲህ ይቺ ካልፈራች እኔ ምን ሆኜ ነው የምፈራው?" አለች። ሰዓት ሠሪው እንባው እንዳይታይበት ወደ መስኮቱ ሄዶ ማስተካከል የማያስፈልገውን መጋረጃ አስተካከለ።

የተተከለላት ዕለት ያ የማይንቀጠቀጥ እጅ ተንቀጠቀጠ። ከራሷ ጀርባ የወጣችው የመጀመሪያዋ ችግኝ ፊቱ ተቀመጠች፤ ችግኝ የሚያስተካክልበትን ስለት አነሣ፤ ጫፉ ዘለለ። ሐኪሟ "ወጣ ብለው ውሃ ይጠጡ ጋሼ" አለችው። አልወጣም። ስለቱን አስቀምጦ ዝም ብሎ ማየት ያዘ። ሽንኩርት መሳዩ ሥር፣ ስስ ሽፋኑ፣ ያቺ የሸረሪት ድር የመሰለች ጡንቻ፤ ሁሉም በየቦታው አለ። ሠላሳ ሦስት ዓመት አብሯት የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር በሺህ በሺህ ይዛ ስትዞር አላወቀም። መገረሙ ከፍርሃቱ በለጠና እጁ ቀስ እያለ ረጋ። አርባዎቹን ከነልብሳቸው አስተካክሎ ደረደረ። ከመካከላቸው አንዷ ሽበት ነበረችና ሐኪሟ ልትለያት ስትል፣ ባለቤቱ ከተኛችበት "ተያት፤ ሽበቱም የእኔ ነው" አለች።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። በሦስተኛው ሳምንት ባለቤቱ ፊቷን ታጥባ ስትወጣ ፎጣው ላይ አጫጭር ፀጉሮች ነበሩ። ሰዓት ሠሪው ለስንቱ ሕመምተኛ "ይረግፋል፣ አይደንግጡ፤ የሚረግፈው ከላይ ያለው ነው፤ ሥሩ ያርፍና ከሦስት ከአራት ወር በኋላ እንደገና ይጀምራል" ሲል ኖሯል። ፎጣውን ሲያይ ግን ያ ሁሉ ጠፋበት። ፎጣውን እንደያዘ ክሊኒኩ ሄዶ ሦስት ፎቅ እየሮጠ ወጣ።

"ረገፈ ዶክተር! ሁሉም ረገፈ!"

"ለሕመምተኞች የሚነግሩትን እስቲ ለራስዎ ይንገሩት።"

"ለራሴማ ነገርኩት፤ አልሰማ አለኝ እንጂ።"

ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ። ባለቤቱ በየጠዋቱ መስታወት ፊት ትቆማለች። እሱ በር ላይ ቆሞ "እህ?" ይላል፤ እሷ "ምንም" ትላለች። አንዴ ሊያጽናናት ሲጀምር "የእንቁላሏን ተረት እንዳትነግረኝ፤ በእግሯ ሄዳ የትም ስትደርስ አላየሁም" ብላ አስቆመችው። በአራተኛው ወር መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት ከመስታወቱ ፊት ድምፅዋ ተለወጠ።

"አንተ! ና እይ!"

አልሄደም። እግሩ በሩ ላይ ቀረ። "ሐኪሟ ትይልን" አለ።

ሐኪሟ አየች። የክሊኒኩን ካሜራ ቅንድቧ ላይ አስጠግታ ሥዕሉን ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን አሳየች። ደረቅና የሚያብረቀርቅ ቆዳ፤ ከቆዳው ውስጥ ደግሞ ጥቁር ነጥቦች፤ ከየነጥቡ አንገቷን ያወጣች አንድ አንድ ፀጉር። ሐኪሟ ጮክ ብላ ቆጠረች። ሠላሳ አንድ። ዘጠኙ አልጸደቁም፤ የቀሩት ሠላሳ አንዱ ግን ደም በሚያንስበት በዚያ መሬት ላይ ምንጭ ፈልገው አግኝተዋል። ሰዓት ሠሪው እጁን አፉ ላይ ጭኖ ስክሪኑን ያይ ነበር። ባለቤቱ እሱን ታይ ነበር።

የቀረው ተተከለ፤ ከጆሮዋ በላይ ያለውም ተሞላ። ሌላ ዓመት ሄደ። ቅንድቡ አደገ፤ አደገና አላቆም አለ። ሐኪሟ አስቀድማ ነግራቸዋለች፤ ከራስ የመጣ ፀጉር ነውና ቅንድብ ላይም ሆኖ ራስ ላይ ያለ ይመስለዋል። ካልተከረከመ ዓይን ላይ ይወርዳል።

አንድ ጠዋት ባለቤቱ የስፌት መቀሷን ይዛ መጣች። "መነጽር ካደረግሁ ይሸፍነዋል፤ ካወለቅሁ አይታየኝም። ና ከርክምልኝ።"

"ትንሽ ብትሞክሪው…"

"ና አልኩህ።"

መስኮቱ አጠገብ ወንበር አስቀመጠችና ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞረች። ሌላ መንገድ አልነበረም፤ አገጯን ይዞ ቀና ማድረግ ነበረበት። ፊት ለፊት አያት። ጠባሳው በሐሳቡ ሲሸከመው ከኖረው ያንሳል። ሁለት ጊዜ ቆረጠ። በሦስተኛው ዓይኗን ገለጠች።

"አንተ፣ ዓይንህ እንዴት አርጅቷል!" አለችው።

"ምነው?"

"ከቅርብ ካየሁት ሃያ ዓመት ሆነኝ እኮ።"

መቀሱ አየር ላይ ቀረ።

"ምድጃውን ገና ሆስፒታል ተኝቼ ነው የተውኩልህ" አለች። "እሱን አንድም ቀን አልያዝኩብህም። የያዝኩብህ ዓይንህን ማሸሽህን ነው። አስጠልቼህ መስሎኝ ነበር።"

"አስጠልተሽኝ? አንቺ?" አላት። "ባየሁሽ ቁጥር የሚታየኝ የገዛ እጄ ነበር።"

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ የሃያ ዓመቱ ሁሉ መጣበት። እሷም ተወችው፤ እስኪበቃው ድረስ ተወችው። ከዚያ በሻሿ ጫፍ ፊቱን ጠረገችለት።

"በል ጨርሰው፤ አንዱ ረዝሞ አንዱ አጥሮ ሰው ይስቅብኛል።"

አገጯን እንደገና ያዘ። የቀሩትን አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩል ከረከመ። ሲጨርስ መቀሱን መስኮቱ ላይ አስቀመጠ፤ እጁን ግን ከአገጯ ላይ አላነሣም።